ከበርሽ ማዶ ሆኜ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ስድስት ቀን፣ ረፋድ ላይ
ከበርሽ ማዶ፣ ከአውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር

ለምወድሽ ባለቤቴ፣

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብላ መምህራችን አስተምራናለች። ሰላምታው ሦስት መስመር ይሁንና ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባ ብላለች። እኔ ግን ሦስቱን መስመር ከየት ላምጣው? እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ፣ እንደምን እንዳለሽ የበሩ ጠባቂ ነግራኛለች። እኔ ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ፣ መጋረጃሽን ገለጥ ብታደርጊ ታዪኛለሽ። ቡናማ ኮት ለብሶ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው፣ አንገቱን የደፋው ሰውዬ እኔ ነኝ። ኮቱ የሰው ነው። ወደ በኋላ እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ ጉዳዩን ልበልሽ። ዛሬ ጠዋት ጠባቂዋ ወጥታ «ላየው አልፈልግም ብላለች» አለችኝ። በደግ አፍ ነው ያለችኝ፣ አትቀየሚያት። የአገራችን ልጅ ስለሆነች ትንሽ ላግባባት ሞከርኩ፤ «አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁልኝ» አልኳት።

«ሦስቴ ጠይቀናታል ጋሼ። እዚህ መጠለያ ቤት ማንም ሴት አትገደድም። ቤቱ የተከፈተው ለዚሁ ነው።»

የእኔ የመቆያ ፈቃድ ሐሙስ ጠዋት ያበቃል። ቤተሰብ ሊወስዳት የመጣላትን ሴት የጉዞ ወረቀቷን ጨርሰው አብረው ይሸኟታል፤ እሺ ካለች ነው ታዲያ። እሺ ካላልሽ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ አንቺ እዚህ ትቀሪያለሽ፣ ሁለተኛ ልምጣ ብል ደግሞ ፈቃድ የሚሰጠኝ የለም። ስለዚህ በእጄ ያለው ዛሬና ነገ ነው። ቆሜ በሩን ሳይ ጊዜ ጠባቂዋ «እንግዲያስ ይጻፉላት» አለችኝ። «መጻፍማ ለእኔ ምን አላት» አልኩና ደረቴን ነፋሁ። አራት ሉክ ወረቀት ሰጠችኝ። ብዕር አለኝ ብዬ የኮቱን ኪስ ስዳብስ እጄ ባዶውን ሲወጣ አየችና የራሷንም ብዕር ጨመረችልኝ።

እንዴት እንደመጣሁ ላጫውትሽና ከዚያ ወደ ዋናው እገባለሁ። ዋናውን ማዘግየቴ ነው። ታውቂኛለሽ።

ፈቃዱን ያስጨረሰልኝ ባለፈው ዓመት ቤቱን የቀባሁለት ሰውዬ ነው። አውሮፕላኑን አልፈራሁትም። ሠላሳ ዓመት መሰላል ላይ የኖረ ሰው ከፍታ ምን ያደርገዋል? ወንበሩን አጥብቄ የያዝኩት ወንበሩ እንዳይወድቅ ብዬ ነው። በዙሪያዬ ያሉት በሙሉ አንቺ ለሄድሽበት የሰው ቤት ሥራ የሚሄዱ ሴት ልጆች ነበሩ። አንድ ዓይነት ሻርፕ፣ አንድ ዓይነት ቦርሳ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጉንጯ ገና የልጅ ነው። ዕድሜዋን ብጠይቃት «ሃያ አምስት በዪ ተብያለሁ» አለችኝ።

ትንሽ ቆይታ «አባባ፣ መጻፍ ይችላሉ?» አለችኝ።

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? «ልጄ፣ ከክፍላችን ሁለተኛ ነኝ» አልኳት። አንደኛ ልላት ነበር፣ ግን አንደኛዋ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሚስት ናት፣ ያውም በሁለት ነጥብ። ልጅቷ ስልኬን ቢቀሙኝ የቤተሰቤ አድራሻ እንዳይጠፋኝ ብላ፣ የአባቷን ስምና የሰፈሯን መለያ በወረቀት እንድጽፍላትና ቀሚሷ ውስጥ ልትሰፋው ፈለገች። ወረቀት ስላልነበረ ለሚያስመልሰው ሰው የሚሰጡትን ከረጢት ቀድጄ ጻፍኩላት። ከኋላዋ ያለችው አየች፣ ከእሷ ኋላ ያለችውም አየች። መሬት እስክንነካ የስምንት ልጅ አድራሻ ጻፍኩ። አንድ ፊደል አልሰረዝኩም። አንዱን ብቻ ሰርዣለሁ።

ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ ወረቀቷን አጣጥፋ ስታበቃ «የእኔ አባት ማንበብ አይችልም፣ ግን አያፍርም» አለችኝ። «ደብዳቤ ሲደርሰው ይዞ ጎረቤት ይሮጣል። ሰፈሩ ተሰብስቦ ነው የሚሰማው።» ይህን ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሰው እስኪያንኳኳ ድረስ አልወጣሁም።

ከተማው ስደርስ የነበረኝ አድራሻ ከሁለተኛው ደብዳቤሽ ያገኘሁት ብቻ ነው። የመንገድ ቁጥር አልጻፍሽም፤ ከበር ርቃ የማትሄድ ሴት ቁጥሩን ከየት ታውቃለች። የጻፍሽው እንዲህ የሚል ነበር፦ አርባ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ በበራችን ያልፋል፤ በሩ አረንጓዴ ነው፣ ገና ያልበሰለ ሎሚ ይመስላል፤ ዝገቱን ሳይፍቁ ስለቀቡት ከሥር እየተላጠ ነው፤ አንተ ብታየው ደምህ ይፈላል። ይህች ትበቃኝ ነበር። ከቤት ሳልወጣ ሦስት ቆርቆሮ ከፍቼ፣ ያልበሰለ ሎሚ ከፊቴ አስቀምጬ፣ ቀለሙን በጥብጬ እስኪመጣልኝ ድረስ አምስት ጊዜ ካርቶን ላይ ሞከርኩት። አምስተኛውን ካርቶን በደረቴ ይዤ መጣሁ።

አርባ ሁለት ቁጥር ላይ ተሳፍሬ በመስኮት በር በር እያየሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሾፌሩ፣ ጺሙ አፉን የሸፈነው ትልቅ ሰውዬ፣ ሞተሩን አጥፍቶ መጣና ከፊቴ ቆመ። የሚለው አይገባኝም፣ የምለው አይገባውም። ካርቶኑን አውጥቼ አሳየሁት፣ በእጄ የበር ቅርጽ ሠራሁለት፣ በሩን አንኳኳሁ፣ ከዚያ ፎቶሽን አወጣሁ። ፎቶውን ብዙ አየው። ወደ መሪው ተመልሶ ለተሳፋሪው አንድ ነገር ተናገረ፤ ካርቶኔንም ከፊት መስታወቱ ላይ ሰካው።

ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ በሙሉ በር ፈላጊ ሆነ። አረንጓዴ በር በታየ ቁጥር ሾፌሩ ያዘግማል፣ ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ይጋፋል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። አንዲት ሽንኩርት የያዙ አሮጊት በእኔ ላይ ተናደዱ፤ እሳቸው ያሳዩኝን በር ለምን አልተቀበልክም ነው ነገሩ። መውረጃቸው አልፏቸው እንኳ አልወረዱም። በዚያ ቀን አላገኘነውም። በማግስቱ ሾፌሩ ገና ሲያየኝ ካርቶኑን ልቀበልህ ብሎ እጁን ዘረጋ።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ነው በሩን ያገኘሁት። ፀሐይ መጥጦት ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ሰው ሁሉ አይደለም አለኝ። እኔ ግን ከሥሩ የተላጠውን አየሁ። ወርጄ ካርቶኑን ፀሐይ ከማይደርስበት ከማጠፊያው ሥር ጠጋ አደረግሁት። አንድ ሆነ። የእኔን ካርቶን ከእነሱ በር መለየት አይቻልም ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ቀለም በጥብጬ አላውቅም። ሾፌሩ ወርዶ አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ጡሩምባውን ነፍቶ ሄደ። ደግሜ አላየሁትም እንጂ ያንን ሰውዬ ባገኘው ቤቱን ከላይ እስከታች በነጻ እቀባለት ነበር።

በሩን አንኳኳሁ። አንድ ሰው ከፍቶ ፎቶሽን አየና ዘጋው። ደግሜ አንኳኳሁ፣ አልከፈተም።

ከመንገዱ ማዶ ልብስ ተኳሹ ከሱቁ ሆኖ ያየኛል። አንቺ ታውቂዋለሽ። ቋንቋችንን የተማረው ከእናንተ ከሴቶቹ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው። «ማንን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ፎቶሽን ሰጠሁት፣ «ባሏ ነኝ» አልኩት።

ካውያውን አስቀመጠ። «አንቺ ነሽ ያ የሚስቀው ባል?» አለኝ።

ያኔ ሳቄ ሄደ። ከካውያው ጠረጴዛ አጠገብ ያለችውን በርጩማ አሳየኝ። «ልብስ ይዛ ትመጣለች፣ እዚህ ትቀመጣለች። እጇ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ነው። ጓደኛዋ ትጽፋለች፣ እሷ ትናገራለች፣ ታለቅሳለች። አገር የምትገባ ሴት ደብዳቤውን ትወስዳለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ወር፣ ሁለት ወር። አንድ ሴት ከአገር ትመጣለች፣ ባልሽ ደብዳቤሽን አነበብኩት ብሎሻል፣ ስቋል፣ በርቺ ብሎሻል ትላለች። እሷ ሌላ ታስጽፋለች። መልስ ይመጣል፣ ስቋል፣ በርቺ።» ሸሚዙን ገለበጠ፣ አንገትጌውን አስተካከለ። «አንቺ ድንጋይ ነሽ?» አለኝ።

ስድብ አልነበረም። ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ። መልስ ነበረኝ፤ ሁለት ቃል ነው። ለማላውቀው ሰው፣ ሁለተኛ ለማላየው ሰው፣ ሁለት ቃል መናገር አቃተኝ። «ድንጋይ ነኝ» አልኩት። ድንጋይ መባል ቀሎኝ ነው።

እንዲህም ሆኖ አልተወኝም። ሱቁን ዘግቶ አንቺን ወደወሰዱበት ሆስፒታል ይዞኝ ሄደ። ነርሷ መዝገቡን ገልጣ በጣቷ እየሄደች አገኘችሽ፤ እሱም እየሰማ ተረጎመልኝ። «ቀኝ እጅ በፈላ ውሃ። ዘግይታ ነው የመጣችው ይላል። ጣቶቿ አይታጠፉም ይላል። ቤተሰብ አለሽ ተብላ ተጠይቃለች።» «ምን አለች?» አልኩት። «የለኝም ብላለች» አለኝ። ከዚያ ነርሷ የዚህን ቤት አድራሻ ጻፈችለት። እዚህ አድርሶኝ ሲመለስ ብርድ ነው ብሎ ኮቱን ለእኔ ትቶ ሄደ። ማደሪያዬም የእሱ ሱቅ ነው፤ የካውያው ጠረጴዛ ላይ እተኛለሁ። ጠዋት ስነሳ አንዲት መጨማደድ የለብኝም።

በቃ። ከዚህ በላይ የማዘገይበት የለኝም፣ ወረቀቱም እያለቀ ነው።

ማንበብ አልችልም ነበር።

ይኸው ጻፍኩት። ሳስበው ከዚህ የሚረዝም ዓረፍተ ነገር ይመስለኝ ነበር። ማንበብ አልችልም ነበር፤ ስንተዋወቅም፣ ስንጋባም፣ አንቺ ስትሄጂም አልችልም ነበር። መነጽሩ የሚያየው ነገር አልነበረም፣ ደረት ኪሴ ላይ የምሰካው ብዕርም ቀለም አልነበረውም። ጋዜጣ ይዤ ስቀመጥ ፎቶውን ነበር የማየው። አንድ ቀን ገልብጠህ ይዘኸዋል ብትዪኝ፣ ጀርባው ላይ ያለው ዜና ይበልጣል ብዬሽ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። ሳቅሽና አመንሽኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ቀለም ስቀባ ኖሬ ቀለም ሳልቆጥር። አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ ብዬሽ ነበር፤ የአራተኛ ክፍልን በር እንጂ ክፍሉን አላውቀውም። በሩን የቀባሁት እኔ ነኝ።

አንቺ ግን ባሌ ራሱ ያነበዋል ብለሽ የልብሽን ሁሉ ጻፍሽልኝ። ለእናቴ እንዳትነግራት፣ ለማንም እንዳታሳይ እያልሽ ጻፍሽ። እኔ ደብዳቤሽ በደረሰ ቁጥር መነጽሬን አደርጋለሁ፣ እናትሽ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ይቀመጣሉ፣ ጎረቤት ይመጣል። ጣቴን በመስመሩ ላይ እየነዳሁ አነባለሁ። አሁን የማዕድ ቤቱ ኃላፊ ሆኛለሁ ትላለች። ሽንኩርት የሚልጥ ማሽን አለ ትላለች፣ እንባውንም ማሽኑ ነው የሚያወጣው ትላለች። አሠሪዬ የሐር ሻርፕ ሸልማኛለች ትላለች። ሰው ይስቃል። እናትሽ «ተመስገን» ይላሉ። አገር ለምትመለሰው ሴትም «አነበብኩት፣ ሳቅን፣ በርቺ በያት» ብዬ እልካለሁ። እኔ የምልክልሽ ደስታ መስሎኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ጽሕፈትሽ ተለወጠ። ፊደል ባላውቅም ቅርጽ አውቃለሁ፤ ዓይኔ የቀለም ቀቢ ዓይን ነው። የድሮው ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር፣ የመጣው ቀጥ ያለና የተዋበ ነው። ደብዳቤውን ለሰው ሁሉ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «አያችሁ እጇ እንዴት እንደተፍታታ» አልኩ።

ይህን ስጽፍ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ።

የቀረውንም ልንገርሽ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው። በአራተኛው ደብዳቤሽ የላከኝ ደላላ ቢሮ ሂድ ብለሽኝ ነበር። ከዚህ ቤት አውጧት በል፣ የሚሰሙት የቤተሰብ አቤቱታ ብቻ ነው፣ አንተ ከሄድክ በሳምንት ያወጡኛል ብለሽ ነበር። ገና እጅሽ ሳይቃጠል ነው። እኔ በዚያው ሳምንት የዚያን ደላላ ቢሮ እቀባ ነበር። አራት ቀን ሙሉ። መሰላል ላይ ሆኜ ጣሪያውን ስቀባ ከሥሬ ባለው ጠረጴዛ ቁጭ ብሎ «ሚስትህ እንዴት ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብዳቤሽ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነበር።

«አንደኛ ናት» አልኩት።

እንግዲህ እኔ እንደዚህ ነኝ። ልብስ ተኳሹ ድንጋይ ነሽ ወይ ያለኝ አንሶኛል። ደብዳቤሽን አንብቤ የሳቅሁ ግን አይደለሁም። ይህችን ብቻ ለይተሽ ያዢልኝ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ አላውቅም፤ እውነቱ ግን ይኼኛው ነው።

ከዘጠነኛው በኋላ ደብዳቤሽ ቆመ። የሌለ ደብዳቤ ማንበብ እኔም አልቻልኩበትም። እናትሽ ምን ትላለች ባሉኝ ቁጥር ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ ሦስት ወር ቆየሁ። ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ ለሰው ላስነብብ አሰብኩ፤ ጎረቤት ሁሉ እኔ ሳነብ የሰማ ነው። በምን ዓይኔ? በዚህ መሐል የማታ ትምህርት ቤቱን ክፍል ቅባ ተባልኩ። ቀባሁ። ማታ ማታ ተማሪዎቹ ሲገቡ እኔ ከኋላ ግድግዳውን እቀባለሁ፣ ጆሮዬ ከሰሌዳው ነው። አንዱን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ቀባሁት። በአራተኛው መምህሯ፣ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ፣ መጥታ ቡሩሹን ከእጄ ወሰደችና «አባባ፣ ግድግዳው ጠግቧል። እዚህች ወንበር ላይ ይቀመጡ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ሰባት ወር ፈጀብኝ። ከመጽሐፉ ውጪ በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል ከደብዳቤሽ ላይ ነው። «እባክህ» ይላል። ያኔ ተራቸውን ስለማላውቅ ከየትኛው እንደጀመርኩ አላውቅም፤ የገለጥኩት ሁሉ ላይ ግን ያቺ ቃል ነበረች። አንዱን ደብዳቤ ለመጨረስ አንድ እሑድ ፈጀብኝ። ዘጠኝ እሑድ። በየሳምንቱ ሰኞ ሥራ አልገባሁም።

ዘጠኙንም ስጨርስ እናትሽ ፊት ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላቸው። ቃል በቃል፣ እየተንተባተብኩ። ጎረቤት አልጠራሁም። መሐል ላይ እንዳቆም ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ አላሉኝም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ያ ሁሉ ቀልድ የልጄ እንዳልሆነ አውቅ ነበር» አሉኝ። «እያሳመርክ የምታነብልኝ መስሎኝ ነበር እንጂ። ቃሏን የምታነብ መስሎኝ ነበር።»

«ይምቱኝ» አልኳቸው።

«አንተን መትቼ እጄን ምን ላደርገው። ሂድና አምጣት። እኔ እዚሁ ነኝ» አሉኝ።

ፈቃዱ እስኪወጣ ሁለት ወር ተጨመረ። ስመጣ ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻት ነው። በዚህ ደብዳቤ ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ልደብቅሽ ብዬ አይደለም፣ የመደበቅ ነገር በቅቶኛል። በወረቀት የማይነገር ስለሆነ ነው። ወደ ታች ብትወርጂ፣ ለመሄድም ባይሆን፣ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እነግርሻለሁ። አልወርድም ካልሽም ጠባቂዋን አደራ ብያታለሁ፣ ብቻሽን እንዳትሰሚው ሰው ይዛ ትመጣለች።

አሁን የመጨረሻውን ልጻፍ። ጠባቂዋ ከደብዳቤው ጋር አብሮ የሚገባ አንድ ወረቀት ሰጥታኛለች። ላዩ በእነሱ ቋንቋ ነው፣ ታችኛው በእኛ። የእኛውን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው፣ ማንም ሳያስገድደኝ ከሚከተሉት አንዱን መርጫለሁ።» ከዚያ ሁለት ሣጥኖች አሉ። በአንደኛው ፊት «ሊወስደኝ ከመጣው የቤተሰብ አባል ጋር ለመሄድ ተስማምቻለሁ» ይላል። በሁለተኛው ፊት «አልተስማማሁም፤ ከእንግዲህ የት እንዳለሁም እንዳይነገረው እፈልጋለሁ» ይላል። በመረጥሽው ውስጥ ምልክት ታደርጊያለሽ። ሁለተኛው ሣጥን ያለው ከወረቀቱ ሥር ነው፣ ወደ ኋላ ቢታጠፍ አይታይም። አጥፌው ነበር። ፈትቼዋለሁ።

ከግርጌው የፊርማ ቦታ አለ። ቀኝ እጅሽ ብዕር ካልያዘልሽ የግራ አውራ ጣት ይበቃል ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ፣ ይበቃል ብላኛለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጣት ነው የኖርኩት፣ ሰው ሳያየኝ እየተደበቅሁ። አንቺ የምትደበቂበት ምክንያት የለሽም።

ወረቀቱ የሚለው ይህን ብቻ ነው። ከራሴ የጨመርኩበትም የተውኩትም የለም።

እጅሽን እግዜር ይማርልሽ። የመረጥሽው ይቅናሽ።

ባልሽ